በአንድ የፀጉር ናሙና የፍየል ወተት አይሻሻልም፦ ስለ «ቅባት ጂን» ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉ ወተት ነጋዴዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የፍየል ወተት ቅባት የሚወሰነው በዘር ነው፤ ሳይንስም ጂኑን አግኝቶታል። በፈረንሳይ የሚሠራበት የካዜን (የወተት ፕሮቲን) ጂን ምርመራ እዚህም ቅባቱን ያሻሽላል። የአውራ ፍየል ፀጉር ነቅሎ ማስመርመር ይበቃል፤ በዓመት ውስጥም የተሻለው ወተት ሱቅ ይደርሳል። የአገራችን ፍየሎች ቅባታቸው ደካማ ስለሆነ ሳነን የሚባለውን የውጭ የወተት ፍየል ዘር ማስገባት ይሻላል። መኖ የሚጨምረው ብዛቱን ነው፣ የቅባቱን ዓይነት አይነካም። ውጤቱን ገርበር በሚባለው የወተት ቅባት መለኪያና በሽታው መቀነስ ማረጋገጥ ይቻላል። ወተቱ ለልብም ለሕፃናትም ይስማማል። በመጨረሻም ጸሐፊው ነጋዴዎች ለምርመራው ገንዘብ እንዲያዋጡ ይጋብዛሉ።

የዘረመል ምልክት፣ ማለትም የእንስሳውን ጠባይ ለመገመት የሚነበብ የዲኤንኤ ልዩነት፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን መሣሪያው ከቦታው ውጭ መሰንቀሩ ላይ ነው። ብሩ ከመዋጣቱ በፊት ነጥብ በነጥብ እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የቅባት ጂኑ» ተገኝቷል ስለመባሉ

ጸሐፊው የሚያነሱት ጂን ዲጂኤቲ1 ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም በወተት ቅባት አሠራር ውስጥ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል፤ ሁለት የቅባት አሲድ በተሸከመው ግሊሴሮል ላይ ሦስተኛውን ይለጥፋል። በ2002 በላም ላይ የታተመው ግኝት እውነት ነው። በ14ኛው ክሮሞዞም ባለው በዚህ ጂን፣ በፕሮቲኑ 232ኛ ቦታ ላይ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያላቸው ላሞች አላኒን የተባለው ካላቸው ይልቅ የወተታቸው የቅባት መቶኛ ከፍ ይላል።

ጽሑፉ የዘለለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ የላም ውጤት ነው። በፍየል ላይ ጎልቶ የወጣው በ2017 በፈረንሳይ ሳነንና አልፓይን ፍየሎች የታተመው ሲሆን፣ የተገኙት ሁለት ለውጦች አር251ኤል እና አር396ደብልዩ ይባላሉ። ሁለቱም ቅባትን የሚቀንሱ ናቸው። በፍየል ዲጂኤቲ1 ላይ የሚደረግ ምርመራ እንግዲህ ዋና ጥቅሙ ጉድለት ያለበትን እንስሳ መለየት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። በላም ላይ ያ የላይሲን ዓይነት ቅባቱን ሲያበዛ አብሮ ፓልሚቲክ የተባለውን የረጋ የቅባት አሲድ ከፍ ያደርጋል፤ ያልረጉትን ባለ 18 ካርቦን አሲዶችና ሲኤልኤ የሚባለውን ያልረጋ አሲድ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል (ቁጥሩ የአሲዱ ሰንሰለት ስንት ካርቦን እንዳለው ይናገራል)። ጸሐፊው «ለልብ የሚስማማ» በሚሉት መስፈርት ብንሄድ እንኳ ቅባቱ በዛ እንጂ አልተሻለም። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቅባትን ብዛት ከቅባት ዓይነት ጋር አንድ አድርጎ ይዟል፤ የቀሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመዘዙ ናቸው።

«የተሻለ ቅባት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነም አልተነገረንም። የፍየል ወተት የሚታወቅባቸው ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ካርቦን አሲዶች በድምሩ ከቅባቱ 15 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ይይዛሉ፤ በላም ወተት ግማሹን ያህል እንኳ ለመድረስ ይከብዳቸዋል። እነዚህ በቀላሉ ይፈጫሉ። ይብዙ ነው የምንለው? ወይስ ኦሌይክ አሲድ ይብዛ? ወይስ ፓልሚቲክ ይቀንስ? ሁሉም የሚለኩት ከመቶ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የግድ ይወርዳል። ምንጫቸውም ይለያያል። ከባለ 4 እስከ ባለ 14 ያሉት በአብዛኛው እዚያው ጡት ውስጥ፣ አሲቴትና ቤታ-ሃይድሮክሲቡቲሬት ከሚባሉ ትንንሽ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩ ናቸው፤ እዚህ ላይ ኤፍኤኤስኤን የሚባለው ጂን ዋና ሠራተኛ ነው። ባለ 18ቶቹ ከደም የሚመጡ፣ ማለትም ከመኖ ወይም ከራሷ ከፍየሏ ስብ የተገኙ ናቸው። ባለ 16ቱ ከሁለቱም ወገን ነው። በየደረጃው ሌላ ጂን፣ በየጂኑም ትንሽ ትንሽ ድርሻ አለ። ዒላማው ሳይነገር «ጂኑን መረጥን» ማለት ወዴት እንደምንሄድ ሳንናገር ታክሲ ውስጥ እንደመግባት ነው።

የካዜኑ ምርመራ እንደ ፈረንሳይ

ይህ ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ እውነት የሚበዛበት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንሄድበታለን።

አልፋ-ኤስ1 ካዜን የወተት ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በፍየል ላይ ልዩ የሚያደርገው አሊሎቹ (የአንዱ ጂን የተለያዩ ዓይነቶች) የሚሰጡት የፕሮቲን መጠን በሰፊው መራራቁ ነው። ጠንካራ የሚባሉት ኤ፣ ቢ እና ሲ እያንዳንዳቸው በሊትር 3.6 ግራም ያህል ያስገኛሉ፤ መካከለኛው ኢ 1.6፣ ደካማው ኤፍ 0.6፣ ኦ1 ደግሞ ምንም። ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ስለሚወረስ ሒሳቡ መደመር ብቻ ነው። ኤ/ኤ 7.2 ግራም፣ ኤ/ኤፍ 4.2፣ ኤፍ/ኤፍ 1.2 ይሆናል።

የፕሮቲን ጂን ከቅባት ጋር ምን አገናኘው? ደካማ አሊል ባላቸው ፍየሎች ካዜኑ ከተሠራበት የሴል ክፍል በደንብ አይወጣም፤ እዚያው ይከማቻል። የቅባቱም አወጣጥ አብሮ ይስተጓጎላል ተብሎ ይታሰባል። በሚለካው ግን ጥርጥር የለም፤ የኤ/ኤ ፍየሎች ወተት ከኤፍ/ኤፍ ይልቅ በሊትር ጥቂት ግራም ቅባት ይበልጣል፣ ከባለ 8 እስከ ባለ 12 ያሉት አሲዶችም ድርሻቸው ከፍ ይላል። በደካማዎቹ ወተት ቅባቱ በቶሎ ይፈርሳል፤ የፍየል ጣዕሙም ይበረታል።

እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። «እዚህም ይሠራል» ወደሚለው ለመሻገር ግን መጀመሪያ የእኛ ፍየሎች የትኛውን አሊል እንደተሸከሙ መታወቅ አለበት። ምርመራው በደንብ የሚያዋጣው መጥፎው አሊል በበዛበት መንጋ ነው። የኖርዌይ ፍየል ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ ፕሮቲኑን ጭራሽ የሚያጠፋ አሊል ከመቶው ከ70 በላይ ደርሶ ነበር፤ ወተቱ ስስ፣ ለአይብ የማይሆን፣ ነፃ የቅባት አሲድ የበዛበት ሆኖ አስቸገረ። እንዲህ ባለ ቦታ አውራን በምርመራ መምረጥ ብዙ ይለውጣል። አበርገሌ ወይም አርሲ-ባሌ በሚባሉት የአገራችን ዝርያዎች በአንዱ መንጋ ጠንካራው አሊል ከመቶ 90 ቢሆን ግን ከመቶ ፍየል 81ዱ አስቀድመው ጠንካራ/ጠንካራ ናቸው፤ ደካማ/ደካማ የምትሆነው አንዲት ብቻ። ምን ይመረጣል? ከእያንዳንዱ ዝርያ ዝምድና የሌላቸው ከ40 እስከ 50 ፍየሎችን አስመርምሮ ይህን ማወቅ ይቻላል። መዋጮ መሰብሰብ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የምርመራው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ርካሹና የተለመደው ዘዴ የጂኑን 9ኛ ኤክሶን (ፕሮቲን የሚጻፍበትን ክፍል) ፒሲአር በሚባለው ዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ አብዝቶ ኤክስኤምኤን-1 በሚባል ቆራጭ ኢንዛይም መቁረጥ ነው። ኤፍ አንዲት ፊደል ስለጎደለችው ከሌሎቹ ይለያል። ችግሩ ኤፍ ያልሆነው ሁሉ ከጠንካሮቹ ጋር ተደምሮ መነበቡ ነው። ኦ1 የጎደለው ትልቅ ቁራጭ በ12ኛው ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ባለ ክፍል) ውስጥ ስለሚጀምር 9ኛው ኤክሶን አልተነካም፤ እናም ኤ ይመስላል። የኢ ልዩነት ደግሞ በ19ኛው ኤክሶን የተሰነቀረ 457 ፊደል ያህል ነው፤ ይህም ምርመራ አያየውም። ስለዚህ «ኤ/ኤ» ተብሎ ማኅተም የተመታበት አውራ ኤ/ኦ1 ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ከልጆቹ ግማሾቹ ባዶውን አሊል ይወርሳሉ። ለኢ እና ለኦ1 የተለየ ፒሲአር ያልሠራ ቤተ ሙከራ «ጠንካራ» ብሎ መፈረም አይገባውም።

ፀጉር፣ አንድ አውራ፣ አንድ ዓመት

ፀጉር ናሙና ይሆናል፤ አያያዙ ግን ጽሑፉ እንዳቀለለው አይደለም። ዲኤንኤው ያለው ሥሩ ላይ ስለሆነ ፀጉሩ ተነቅሎ እንጂ ተቆርጦ አይወሰድም። ከ20 እስከ 30 ፀጉር ከነሥሩ፣ ደርቆ፣ በወረቀት ፖስታ ይደረጋል። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፤ ሻጋታ የገባበት ሥር ፒሲአር ላይ ባዶ ይወጣል። የሁለት ፍየል ፀጉር በአንድ እጅ ሳይታጠብ ከተነቀለ ወይም በአንድ ፖስታ ከገባ ውጤቱ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ድብልቁም ውጤቱ በመስመር በሚነበብበት ጄል ላይ ሄትሮዛይጎት (ሁለት የተለያዩ አሊሎች ያሉት) መስሎ ስለሚታይ ማንም ስህተት ነው ብሎ አይጠረጥርም።

የጆሮ ቁራጭ ይሻላል፤ ቁጥር ሲታሰርለት የሚወጣው ቁራጭ ራሱ ይበቃል። ደም ከሆነ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር ከአንገት ሥር፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ወይንጠጅ ክዳን ቱቦ ተወስዶ ቀስ ብሎ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይገለበጣል። አረንጓዴ ክዳን ያለው የሄፓሪን ቱቦ አይሆንም፤ ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል። በየዙሩ ዲኤንኤ የሌለበት አንድ ቱቦ አብሮ መግባት አለበት። እሱ ላይ መስመር ከታየ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል፣ ቢያበሳጭም።

ዓመቱን በተመለከተ ክርክር አያስፈልገውም፣ መቁጠር ይበቃል። የተመረጠው አውራ ዛሬ ቢያጠቃ እርግዝናው 150 ቀን ነው። ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። ሴቷ ግልገል በእኛ አያያዝ መጀመሪያ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ዕድሜ ላይ ነው። ሲደመር ከ23 እስከ 29 ወር። እንገሩ አልፎ፣ ወተቱ ተረጋግቶ ናሙና የሚወሰደው ደግሞ ከወለደች ከ60 ቀን በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው፤ የሚለካውም ከአባቷ አንድ አሊል ብቻ የወረሰች ልጅ ወተት ነው። አውራው ኤ/ኤ፣ እናቶቹ ኤፍ/ኤፍ ቢሆኑ ልጆቹ ሁሉ ኤ/ኤፍ ናቸው፤ በሊትር 7.2 ግራም ካዜን የሚጠብቅ ሰው 4.2 ያገኛል። ገና ሌላ ትውልድ ይቀረዋል።

የአገር ውስጥ ፍየል ቅባቱ ደካማ ነው፣ ሳነን ይምጣ

እዚህ ላይ ጽሑፉ የተገላቢጦሽ ሄዷል። ሳነን የሚታወቀው በወተት ብዛት ነው፤ የቅባቱ መቶኛ አንግሎ-ኑቢያን ከሚባለው ሌላ የወተት ፍየል ዝርያ ያንሳል። የእኛዎቹ ወተታቸው ጥቂት ነው፤ ወተቱ ሲያንስ ደግሞ የቅባቱ መቶኛ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የብዛት ችግር እንጂ የቅባት መቶኛ ችግር የለብንም። ፋርም አፍሪካ የተባለው የልማት ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ በሐረርጌና በደቡብ የወተት ፍየል ፕሮግራሙን ሲጀምር ለማዳቀል የመረጠው አንግሎ-ኑቢያንን ነበር።

ከዚያም ቀደም ሲል ያነሳናቸው ሁለቱ ቅባት ቀናሽ ለውጦች የተገኙት በየትኞቹ ዝርያዎች ነበር? በሳነንና በአልፓይን። ሳይመረመር የሚገባ የሳነን ዘር ጽሑፉ እፈውሰዋለሁ ያለውን በሽታ ራሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። የዘረመል ምልክት ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ጥናት ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው። ከውጭ የሚገባ አውራ ወይም የዘር ፈሳሽ ከመገዛቱ በፊት ሻጩ የአር251ኤል፣ የአር396ደብልዩ እና የካዜን ሙሉ ውጤት እንዲያቀርብ ማስገደድ። ወጪው በሻጩ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው ይገርማል።

መኖ ዓይነቱን አይነካም

ይህ ከሁሉም የራቀ ነው። ባለ 18 ካርቦን አሲዶቹ ከመኖ ይመጣሉ ብለናል። ፍየሏ ተልባ ወይም ኑግ ስትበላ ዘይቱ በቀጥታ ወተት ውስጥ አይገባም። በጨጓራዋ ያሉ ባክቴሪያዎች ያልረጉትን አሲዶች ደረጃ በደረጃ ያረጓቸዋል፤ መንገድ ላይ ቫክሴኒክ አሲድ የሚባል ይተርፋል። እሱ በደም ጡት ሲደርስ ኤስሲዲ የተባለው ኢንዛይም ወደ ሲኤልኤ ይለውጠዋል፤ ስቴሪክ አሲድንም ወደ ኦሌይክ። ኤስሲዲ ጂን ብዙ ጊዜ ለምልክትነት ይታጫል፤ ግን ኢንዛይሙ የሚሠራው የሚሠራበት ነገር ሲመጣለት ነው። ገለባ ብቻ የምትበላ ፍየል የቱንም ያህል ጥሩ ኤስሲዲ ይኑራት፣ የምትለውጠው ቫክሴኒክ እምብዛም የላትም። ከመኖ ብዙ ረጅም አሲድ ሲመጣ ደግሞ ጡት ውስጥ የሚሠሩት አጫጭሮቹ ይቀንሳሉ። የጂን ልዩነት በትውልዶች የሚያመጣውን ለውጥ መኖ በሦስት ሳምንት ያመጣዋል፤ መኖው ሲቆም ግን ለውጡም አብሮ ይቆማል። የጂን ጥቅሙ ይህ ነው፣ ቋሚነቱ።

በቁጥር እንየው። በቀን 1.2 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ፍየል ጠቅላላ ዘይቷ ከ5 በመቶ፣ ማለትም ከ60 ግራም ባያልፍ ይመረጣል። 900 ግራም ድርቆሽና ፉርሽካ በ2.5 በመቶ 22 ግራም ያህል ይይዛል። 250 ግራም የኑግ ፋጉሎ በ8 በመቶ 20 ግራም። የቀረው ቦታ 18 ግራም ነው፤ ተልባ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ስለሆነ 40 ግራም የተፈጨ ተልባ 16 ግራም ይሞላዋል። በቃ። ከዚህ ሲያልፍ ዘይቱ ገለባ የሚፈጩትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ መጀመሪያ የምታስተውሉት የቅባት መውረድን አይደለም (ፍየል በዚህ ከላም ትሻላለች)፣ የመኖ መትረፍና የበጠጥ መላላት ነው። ጭማሪው ከ10 እስከ 14 ቀን ቀስ በቀስ ይግባ። ተልባው ቆላ ቢደረግ ይመረጣል፤ ተፈጭቶ ከረጠበ ሳያድር ይሰጥ፣ ሲረጥብ ሳያናይድ ይለቃልና።

ፋጉሎም ሁሉ አንድ አይደለም። በመጭመቂያ ብቻ የወጣው ከ6 እስከ 10 በመቶ ዘይት ይቀረዋል፤ በኬሚካል የታጠበው 1 ወይም 2 በመቶ። ሳይጠይቁ ገዝቶ ሒሳብ መሥራት አይቻልም። ሌላው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። በ2016 በታተመው የአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም የአውሮፓ ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ከመኖዎቹ በብዛት የተበከለው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ያ የላም ወተት ነበር፤ ፍየልም ያንኑ ፋጉሎ ትበላለች። እርጥበት የነካው፣ የተያያዘ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ፋጉሎ ለቅባት ጥራት ብሎ መስጠት አያዋጣም።

ገርበርና ሽታ እንደ ማስረጃ

ገርበር የሚለካው የቅባት ብዛትን ነው። 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ፣ በላዩ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት በቱቦው ግድግዳ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል፤ ተነቅንቆ በደቂቃ 1,100 ዙር ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ በ65 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ይነበባል። አሲዱ ከቅባቱ በቀር ሁሉን ያቀልጣል። የአንዱ ወተት ቅባት ከመቶው 30 ፓልሚቲክ፣ የሌላው 22 ቢሆን ሁለቱም 4 በመቶ ብለው ይነበባሉ። ጥቁር ፍንጣሪ ከታየ አሲዱ በርትቷል ወይም ወተቱ በፍጥነት ፈስሷል፤ ያኔ ብዛቱም አይታመንም።

ዓይነቱን የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ አሲዶቹን በረጅም ቀጭን ቱቦ (ኮለን) አሳልፎ አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ። ቅባቱ ወጥቶ በሶዲየም ሜቶክሳይድ ወደ ሜቲል ኤስተር ይለወጣል። ሁለት ቦታ ይበላሻል። ከለውጡ በኋላ ፈሳሹን በናይትሮጅን ማትነን የለመደ ባለሙያ ባለ 4 እና ባለ 6 አሲዶችን አብሮ ያተናቸዋል፤ የፍየል ወተትን ልዩ ከሚያደርጉት አንዱ በዚያው ይጠፋል። ባለ 18 ትራንስ አሲዶችን ከሲኤልኤ ጋር ለመለየትም 100 ሜትር ርዝመት ያለው ኮለን ያስፈልጋል፤ በአጭሩ ተነባብረው ይወጣሉ።

ናሙናውም ከሙሉ እልቢት ይሁን። መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ስስ ነው፣ የመጨረሻው ወፍራም፤ ከመጀመሪያው ብርጭቆ የተቀዳ ናሙና ማንንም አይወክልም። የጠዋቱና የማታው እንደ ብዛታቸው ተደባልቀው 30 ወይም 40 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፣ በበረዶ ይጓዛል፣ በዚያው ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወዳለው ፍሪዘር ይገባል።

ሽታው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወተት ውስጥ ያለው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ቅባቱን ሲያፈርስ ነፃ አሲዶች ይለቀቃሉ፤ 4-ኤቲል ኦክታኖይክ የሚባለው በጥቂቱም ይሸታል። ካዜን አሊሉ ድርሻ አለው፤ ቢሆንም ካዛንቺስ ላይ በጀሪካን እየተናጠ፣ ሳይቀዘቅዝ የደረሰ ወተት የማንም ፍየል ይሁን ይሸታል። በታለበ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ወርዶ ሳይናጥ የመጣ ከሆነ ግን ሽታው ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲቀዘቅዝ ተጠራቅሞ የቆየ ወተትን ከፋሲካ በኋላ ከታለበ ጋር አስተያይቶ «ዘሩ ሠራ» ማለት ደግሞ ራስን ማታለል ነው።

ለልብና ለሕፃናት

ስለ ልብ፦ ዒላማው ስላልተነገረ የሚመለስ ነገር የለም። ስለ ሕፃናት ግን ዝም አንልም። ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ የሆነ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለፍየልም ነው፤ የቅባት ለውጥ ይህን አይነካውም። በፍየል ወተት ውስጥ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በጣም አነስተኛ ስለሆነ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በእሱ ብቻ ቢያድግ ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ጥሬውን «መድኃኒት ነው» ብሎ መስጠት ደግሞ ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መጋበዝ ነው። ቢያንስ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ይፍላ።

መዋጮው ለምን ይዋል

ገንዘቡ ከተዋጣ አይቀር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። አንድ ዝርያ፣ አንድ አካባቢ፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር የታሰረላቸው 200 ያህል የሚታለቡ ፍየሎች። ቁጥሩ ከአየር አልመጣም፤ አንድ ምልክት ከጠቅላላው ልዩነት 4 በመቶ ያህል የሚያብራራ ከሆነ እሱን ለማየት የሚያስፈልገው ወደዚያ ይጠጋል። ከ50,000 በላይ ምልክት በአንድ ጊዜ የሚያነበውን የፍየል ዲኤንኤ ቺፕ በሙሉ ለመፈተሽ ከሆነ ግን ከሺህ ያላነሱ ይፈለጋሉ። ሁሉም ከወለዱ ከ60 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ 21 ቀን አንድ ዓይነት መኖ በልተው ናሙና ይሰጣሉ።

ዝርያ ማደባለቅ ለምን አይሆንም? ቁጥቋጦ የሚበሉ የአፋር ፍየሎችና ፋጉሎ የሚበሉ የከተማ ዳር ፍየሎች በአንድ ሰንጠረዥ ቢገቡ ሁለቱ በቅባታቸውም ይለያያሉ፣ በሺህ ምልክቶችም ይለያያሉ። ኮምፒውተሩ ከመኖው የመጣውን ልዩነት ከጂኑ የመጣ አድርጎ በኩራት ያሳያል። በዚህ መንገድ «ተገኙ» የተባሉ ምልክቶች ሌላ መንጋ ላይ ሲሞከሩ ይጠፋሉ።

በአበርገሌና በኮንሶ በማኅበረሰብ ደረጃ ለፍየል የተሠራው የዘር ማሻሻያ ሥራ የቆመው በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ ነው፤ ከዚያ ቢጀመር ብዙ ድካም ይቀራል። የጆሮ ቁራጮቹ በ96 በመቶ ኤታኖል ይቀመጡ፤ መብራት ቢጠፋም አይበላሹም። የወተቱ ናሙና ግን ቀልጦ እንደገና ወደ በረዶ ከተለወጠ ቅባቱ ይለያያል፣ ላይፔዙም ሥራውን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጄኔሬተር ካለው ፍሪዘር ውጭ አይቀመጥ። ምርመራ እንሠራለን ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ኦ1ን እና ኢን ለይተህ ታነባለህ ወይ፣ ባዶ ቱቦህ የታየበትን የጄል ፎቶ ታሳያለህ ወይ፣ ምልክትህ የተፈተነው በየትኛው ዝርያ ላይ ነው። የሦስተኛው መልስ «በላም» ከሆነ ደረሰኝ አታስቆርጡ።